ቪትዝ ላይ ኮን ፊልትሮ ከገባ በኋላ ጉልበት ሲጠፋ

መኪናው 1.3 ሊትር ቪትዝ ነው። የኦሪጅናሉን የአየር ፊልትሮ ሳጥን አውጥቼ በዘይት የሚርሰውን ኮን ፊልትሮ (የሾጣጣ ቅርጽ ያለው የአየር ፊልትሮ) አስገባሁ። ድምፁ አሪፍ ሆነ። አዳማ ውስጥ ሜዳው ላይ ችግር የለም። ወደ አሰላ ስወጣ ግን ከዴራ በኋላ ያለው ዳገት ላይ ነዳጅ ብረግጥም አይጎትትም። ቼክ ኢንጂን በራ። ኮዱ ፒ0171 ነው፤ ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው።

ካንዴላ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ቦቢና ከሌላ ቪትዝ ተውሰን ሞከርን፤ ያው ነው። ቀጥሎ የቤንዚን ፓምፕ ግዛ ተባልኩ። እሱ ኪስ ስለሚጎዳ መጀመሪያ በኢኤልኤም 327 (የመኪናውን ኮምፒውተር ከስልክ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) እና በቶርክ የስልክ አፕ ፊውል ትሪሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ለማስተካከል በስንት በመቶ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ አየሁ። ሚኒሞ ላይ (ሞተሩ በርቶ ነዳጅ ሳይረገጥ) ደህና ነው፤ ዳገት ላይ ግን ከ20 በመቶ ያልፋል። የሆነ ቱቦ አየር እያስገባ ቢሆን የሚብሰው ሚኒሞ ላይ ነበር።

ስለዚህ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካውን ማፍ ሴንሰር በስታር ካቻቪቴ ፈታሁት። ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ላይ የፊልትሮው ዘይትና የአዳማ አቧራ ተጋግሮባታል። ለማፍ ብቻ በተሠራ ስፕሬይ ነፋሁት። በጣትም በጥጥም መንካት የለም፤ የፍሬን ማጽጃም አይሆንም። በደንብ ሲደርቅ መልሼ አሰርኩት። የባትሪውን ኔጌቲቭ ለጥቂት ደቂቃ ነቅዬ ኮምፒውተሩ የድሮውን ትሪም እንዲረሳ አደረግኩ።

አሁን ዳገቱን እንደ ድሮው ይወጣል፤ ኮዱም አልተመለሰም። ኮኑን አውጥቼ የወረቀቱን ፊልትሮ ከነሳጥኑ መለስኩ። ኮኑ ከድምፅ ሌላ የጨመረልኝ ነገር የለም፤ የሚስበውም ኮፈን ስር ያለውን ሙቅ አየር ነው።