መምህርም ሰዓሊም መሆን፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስቱዲዮዬ ቱሉ ዲምቱ ነው። ከአዳማው የፍጥነት መንገድ መግቢያ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በአንዲት እናት ግቢ ውስጥ ያለች ሰርቪስ ክፍል ናት። ስፋቷ አራት ሜትር በሦስት ሜትር ነው። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሊሾ። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ መሃል ከተማ ሄጄ ግራፊክ ዲዛይን አስተምራለሁ።

ይህን ኑሮ ስጀምር ደመወዙ ቀለም ይገዛል፣ ሥዕሉ ደግሞ ለማስተማሩ ነፍስ ይሰጣል ብዬ ነበር። እውነትም ነው። ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አንድም የረባ ሥዕል ሳልጨርስ አለፉ። ሥነ ጥበብ የተማሩ ልጆች አሁን አሁን "ማስተማር ልግባ ወይ?" እያሉ ይጠይቁኛል። ግቡ ነው የምላቸው። ከመግባታችሁ በፊት ግን እኔ የተሳሳትኩትን እወቁልኝ።

"ክረምት ሲመጣ እስላለሁ" ማለት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት የለም፤ ያኔ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ ይላል። እኔም ብያለሁ። ችግሩ፣ ክረምት ለመምህር እረፍት ቢሆንም ለሰዓሊ ክፉ ወቅት ነው። በተለይ ከከተማ ዳር፣ በቆርቆሮ ቤት። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ይጨልማል። ነጎድጓድ ሲጀምር መብራት ይሄዳል። በበጋ በሳምንት የሚደርቅ የዘይት ቀለም ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲጠብቃችሁ ይከርማል።

አንድ ዓመት ሰኔ ላይ ስድስት ሸራ ወጥሬ አዘጋጀሁ። አቡጀዲ ነው፤ ኮላና ነጭ ቀለም ቀብቼ ግድግዳው ላይ ደገፍኳቸው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የግቢው ባለቤት በሩ ላይ ቆመው "ልጄ፣ ይሄ ነገርሽ ሸተተ እኮ። ምን አስቀምጠሽ ነው?" አሉኝ። አዙሬ ሳየው የአራቱ ጀርባ ሻግቷል። ጥቁርና አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ ልክ ግድግዳው እርጥበት ያሳለፈበትን መስመር ተከትሎ። አራቱንም ጣልኳቸው።

ስለዚህ ሥዕልን ለክረምት አታስቀምጡ። በሳምንቱ ውስጥ የማይነካ ሰዓት ስጡት። የእኔ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ነው። በሬ ወደ ምሥራቅ ስለሚከፈት የማለዳው ብርሃን ቀጥታ ይገባልኛል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሳላቋርጥ በዚህ ሰዓት ስሠራ፣ በሁለት ዓመት ያልጨረስኩትን በአንድ ዓመት ጨረስኩ። ክረምቱን ለወረቀትና ለቀለም እርሳስ፣ ፍሬም ለማስመታት፣ ለማንበብ ተዉት። ሸራዎቻችሁንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁ፤ ከሥር ጣውላ አድርጉላቸው።

"በሳምንት 12 ሰዓት ብቻ ነው" ብሎ መፈረም

ውሉ ላይ የተጻፈው የክፍል ሰዓት ነው። እስቲ እናስላው። እኔ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ነኝ፤ ሰልፉን ጨምሮ። ሦስት ቀን ሲሆን ዘጠኝ ሰዓት። ሁለት ክፍል አለኝ፤ እያንዳንዱ 35 ተማሪ። አንድ ሥራ ለማየት 10 ደቂቃ ብትሰጡ 700 ደቂቃ ይመጣል። ወደ 12 ሰዓት ማለት ነው። ሥራ በሚሰበሰብበት ሳምንት ከ12 ተነስተን 33 ደረስን። ዝግጅቱን ገና አልቆጠርንም።

እኔን ያዳነኝ እርማቱን ከቤት ማስወጣቴ ነው። ድሮ ፍላሽ ሰብስቤ እመለስ ነበር። አንዱ አይከፈትም፣ ሌላው ፎንቱ ጎድሎ ይመጣል። አሁን ሁሉም ሥራውን በኤ4 ወረቀት፣ በጥቁርና ነጭ አትሞ ይመጣል። ግድግዳው ላይ በፕላስተር እንለጥፋለን። ሦስት ሜትር ርቀን እንቆማለን። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ይናገራሉ፤ እኔ እጨምራለሁ፤ ማርኩም እዚያው ይጻፋል። በጥቁርና ነጭ የማይሠራ ፖስተር በቀለምም አይድንም፤ ይሄን ራሳቸው ያዩታል። ስቱዲዮ ውስጥ ከሸራው ራቅ ብለን የምንቆመው ለዚሁ አይደል?

ፕሮግራም የሚያወጣውን ሰው ደግሞ ቀድማችሁ አናግሩ። ሴሚስተሩ ከተጀመረ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

ሶፍትዌር ማስተማርን ዲዛይን ማስተማር ማድረግ

የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ያስተማርኩት ፎቶሾፕና ኢለስትሬተር ነበር። ይሄን ተጫኑ፣ ያንን ጎትቱ። አንድ ቀን በገባን በሃያ ደቂቃ መብራት ሄደ። 35 ተማሪ የጠፋ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ቀረ። እኔም የምለው አጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ ስሠራ የኖርኩ ሰው፣ ኮምፒውተር ሲጠፋ የማስተምረው አልነበረኝም። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ በጣም ከፍቶኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት መቃና ቀለም ይዤ ገባሁ። መቃውን በምላጭ ጫፉን ጠፍጣፋ አድርገን ቆረጥን። የብራና ጸሐፊዎቻችን የጻፉበት መሣሪያ ነው። ከዚያ "በ"ን ጻፉ አልኳቸው። ወደ ታች ሲወርድ መስመሩ ይወፍራል፤ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። ማንም አልነገራቸውም፤ መቃው ራሱ ያደርገዋል። የፊደላችን ውፍረትና ቅጥነት ከየት እንደመጣ በእጃቸው አወቁት። ቀጥሎ "ቡ" መጣ፤ ወገቡ ላይ ወደ ቀኝ ትወጣለች። "ቢ" እግሩ ላይ። "ቤ" እዚያው እግሩ ላይ ቀለበት ትሠራለች።

ያቺ ቀለበት ብዙ አስተምራናለች። "ቡና ቤት" የሚለውን በኮምፒውተር በ5 ነጥብ፣ ማለትም በጣም ደቃቅ በሆነ የፊደል መጠን ጽፈን ርካሽ ወረቀት ላይ አተምነው። ቀለበቷ በቀለም ተሞላች። ሲያዩት "ቡና ቢት" ሆኗል። ስክሪኑ ላይ አራት እጥፍ አጉልቶ የሚሠራ ሰው ይሄን መቼም አያየውም። የቡና ማሸጊያው ወይም የመድኃኒት ካርቶኑ ከታተመ በኋላ ግን ሌላ ሰው ያየዋል። እንደዚሁም ባነር ላይ ቦታ ሲጠባቸው ፊደሉን ከጎን ጨምቀው ያስገቡት ነበር። መቃ ከያዙ በኋላ ግን፣ ፊደል ሲጨመቅ ቋሚው መስመር ሲቀጥን አግድሙ ባለበት እንደሚቀር፣ መልኩም እንደሚገለበጥ ገባቸው። አሁን "ቲቸር፣ ይሄ ተጨምቋል" የሚሉኝ እነሱ ናቸው።

ሶፍትዌሩን አታስተምሩ ማለቴ አይደለም፤ ተማሪው ሥራ የሚቀጠረው በሱ ነው። ግን የእናንተ የሰዓሊዎቹ ስጦታ እሱ አይደለም። ሶፍትዌሩን ማንም ከዩቲዩብ ይማረዋል። የላቲኑን ፊደል ትልቁንና ትንሹን ብትደምሩ 52 ቅርጽ ነው። የኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደል በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባውም በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ቆንጆ የአማርኛ ፎንት ፈልጋችሁ የምታጡት ለዚህ ነው። እነዚያን ቅርጾች አንድ በአንድ የሚስል ዓይንና እጅ ያስፈልጋል። ከሥዕል ክፍል የወጣ መምህር ይሄን ካላስተማረ ማን ሊያስተምር ነው?

"ትንሽ ሎጎ ናት" እሺ ማለት፣ ከዚያም ወደ ክፍል መውሰድ

ዲዛይን ታስተምራለች ከተባለ በኋላ ጥያቄው አያልቅም። የሠርግ ካርድ፣ የማኅበር ቲሸርት፣ የጎረቤት ሱቅ ባነር። ሁሉም "ላንቺ እኮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው" ይላል። የአምስት ደቂቃ ሥራ የለም። ማክሰኞ ጠዋቴን ለአንድ ባነር ሰጥቼ፣ ቀለሙ ፓሌት ላይ ደርቆብኝ ያውቃል። አሁን የምቀበለው በወር አንድ ነው፤ በክፍያና በጽሑፍ። ለቤተሰብ ስሠራ ደግሞ በነጻ እሠራለሁ፤ ከስቱዲዮ ሰዓቴ ላይ ግን አልቀንስም።

ከዚህ የባሰ ስህተት ሠርቻለሁ፤ እሱን ነው በደንብ እንድትሰሙኝ የምፈልገው። አንድ ደንበኛ ሎጎ አዘዘኝ። ጊዜ አጠረኝ። ለተማሪዎቼ የክፍል ሥራ አድርጌ ሰጠኋቸው። እውነተኛ ደንበኛ ቢያዩ ይማራሉ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። 35 ሐሳብ መጣ። ደንበኛው መጥቶ አየ፤ የአንዲት ልጅ ሥራ በጣም ወደደ፤ ፎቶ አንስቶ ሄደ። ከዚያ ስልክ አያነሳም። ከሁለት ወር በኋላ ልጅቷ ሎጎዋን መኪና ላይ ተለጥፎ አየችው። ለእኔ ስትነግረኝ አልተቆጣችም። "ቲቸር፣ ቀለሙን ቀይረውታል" ብቻ ነው ያለችኝ። ከራሴ ኪስ ከፈልኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። ያን ዓረፍተ ነገር ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

የተማሪን ጉልበት ለደንበኛ አትስጡ። እውነተኛ ሥራ ክፍል ውስጥ ማስገባት ከፈለጋችሁ፣ የተመረጠው ተማሪ ስንት እንደሚከፈለውና ሥራው የማን እንደሆነ አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ። ደንበኛው ካልፈረመ ይቅር።

ተማሪውን ራሳችሁን ማድረግ

ሰዓሊ ስንሆን የምንወደው መልክ አለን። እኔ አፈር ቀለም እወዳለሁ፤ አንድ ሴሚስተር ላይ ሳየው የክፍሉ ፖስተር ሁሉ ቡናማ ሆኗል። ተማሪ ማርክ የት እንዳለ ያውቃል።

ሰዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሰዓሊዎቹ ገብረ ክርስቶስ ደስታም እስክንድር ቦጎሲያንም አስተምረዋል። ሁለቱም ሥዕላቸውን ሳይተዉ ነው ያስተማሩት። የሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን ብታዩ፣ አንዱ የሌላውን መንገድ አልሄደም። እዚያው የተማረው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ ፊደልን ሰብሮና ገነጣጥሎ ሥዕል አደረገው። ፊደል በግራፊክ ዲዛይን ይነበብ ዘንድ ይሠራል፤ እሱ ጋ ግን መነበቡን ትቶ ይጨፍራል። ሁለቱም ልክ ነው። ተማሪው የትኛውን እየሠራ እንደሆነ እንዲያውቅ ብቻ ነው መርዳት ያለብን። ፖስተር የሌላን ሰው ጥያቄ ይመልሳል። ስብሰባው የት ነው? ስንት ሰዓት ነው? ይሄ ከጠፋ ምንም ቢያምር ፖስተር አይደለም።

ስለ ጭሱ አንድ ነገር

በጠባብ ሰርቪስ ክፍል፣ በር ዘግቶ፣ ለብርድ ከሰል አቀጣጥሎ በዘይት ቀለም መሥራት አደገኛ ነው። የከሰሉ ጭስ ለብቻው ሰው ይገድላል። ተርፔንታይንም ሆነ ቲነር በእሳት አጠገብ አይከፈትም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጆች እያሉ የምትሠሩ ከሆነ በውኃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ቀለም ይሻላችኋል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ደግሞ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ፤ ክብሪት ሳይነካው ራሱን አግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ውኃ ያለበት የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ከታችሁ ክደኑት።

ስቱዲዮውን ከተማሪ መደበቅ

ለረጅም ጊዜ ተማሪዎቼ ሰዓሊ መሆኔን በወሬ ነበር የሚያውቁት። ሩቅ ነው፣ ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ያለቀ ሥራ የለኝም እያልኩ አልጠራኋቸውም። የጋለሪ ሰዎች አንድ ቀን ይመጡ ይሆናል ብዬ ግን እጠብቅ ነበር። የጋለሪ ሰው ቱሉ ዲምቱ ድረስ በቀላሉ አይመጣም። ተማሪ ግን ይመጣል።

ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ 11 ልጆች በሃይገር መጡ። የግቢው እናት ቡና አፈሉላቸው። ክፍሏ ስለማትበቃ ግማሾቹ በሩ ላይ ቆሙ። ሸራው ላይ ለሦስት ሳምንት የሠራሁት ሥራ ነበር፤ የገበያ ሴቶች፣ ከጀርባቸው ባሕር ዛፍ። የቀኙ ጎን እንደማይሆን ካወቅሁ ሰንብቻለሁ። እነሱ እያዩ በቢላዋ ፋቅኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ።

"ቲቸር፣ የድሮው የታለ?" አለኝ አንዱ።

"የለም" አልኩት። "እንደገና ነው የምሠራው።"

የእነሱ ክፍል ሰኞ ነበር። ያ ልጅ ለፖስተሩ ሰባት ንድፍ በእርሳስ ሠርቶ መጣ። ስድስቱን ራሱ በቀይ ሰርዟቸዋል። ሰባቱንም ግድግዳው ላይ ለጠፋቸው።