ተጠቃሚ የሚጭነውን ፋይል ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ

የመታወቂያ ቅጂ፣ ደረሰኝ፣ የተፈረመ ውል፦ ከመዝገቡ ተነጥሎ መጥፋት የሌለበት ትንሽ ሰነድ ከሆነ ቦታው ዳታቤዝ ነው። በአንድ ትራንዛክሽን (ሁሉም አብሮ የሚጸድቅ ወይም አብሮ የሚሻር ሥራ) ከመዝገቡ ጋር ይገባል፣ አብሮት ይሰረዛል፣ ባክአፑም አንድ ይሆናል። ቪዲዮ ግን ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ዳታቤዙ አድራሻውን ብቻ ይያዝ።

ሁለት ቴብል ሥሩ። አንዱ የፋይሉን ስም፣ ዓይነት፣ መጠንና ቀን ይይዛል፤ ሌላው መለያ ቁጥሩንና ይዘቱን ብቻ። ይህን አትዝለሉት። ሁሉንም አንድ ላይ ካደረጋችሁት፣ የ50 ፋይሎችን ስም ለመዘርዘር ሁሉንም ኮለም የሚጠራ አንድ መስመር ኮድ 50ውን ፋይል እንዳለ ወደ ሜሞሪ ይጎትታል።

ለይዘቱ ሚዲየምብሎብ (MEDIUMBLOB) የተባለውን የኮለም ዓይነት ምረጡ፤ እስከ 16 ሜጋባይት ይይዛል። ተራው ብሎብ የሚይዘው 65,535 ባይት ብቻ ነው። የዳታቤዙ ጥብቅ ሞድ (የማይመጥን ዳታን በስህተት የሚመልሰው ቅንብር) ከጠፋ፣ የተረፈውን ቆርጦ ጥሎ በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፋል። ፎቶ ስትከፍቱ ላዩ ደህና፣ ታቹ ግራጫ ከሆነ መጀመሪያ ይህን እዩ። ወደ ቤዝ64 (ባይቶችን በፊደላት የሚጽፍ ዘዴ) መቀየርም አያስፈልግም፤ መጠኑን በሲሶ ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም።

አብዛኛው ሰው የሚቸገረው በመጠን ገደብ ነው፤ ምክንያቱም ፋይሉ ብዙ በር ያልፋል። የድር ሰርቨሩን ኢንጂንኤክስን (nginx) ካልነካችሁት ከ1 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም፤ 413 (መጠኑ በዛ የሚል ስህተት) ብሎ ይመልሳል። የድረ-ገጹን ኮድ የሚያስኬደው ፒኤችፒ (PHP) ካልተነካ ለአንድ ፋይል 2፣ ለጠቅላላው ፎርም 8 ሜጋባይት ይፈቅዳል። ማይኤስኪውኤል 8 በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 64 ሜጋባይት ነው። እስከ 10 ሜጋባይት መቀበል ከፈለጋችሁ የፒኤችፒን የፋይል ገደብ 10፣ የፎርሙንና የኢንጂንኤክስን 12 አድርጉ። የፎርሙ ገደብ ሲታለፍ ፒኤችፒ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን የተሞላውን ጽሑፍ ሁሉ ባዶ አድርጎ ያቀርባል። ያኔ ስሙን በትክክል የሞላ ሰው «ስምዎን አልሞሉም» ይባላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ከብሮውዘሩ የመጣውን ጥያቄ (request) ጠቅላላ መጠን መርምሩ።

የፋይሉን ዓይነት ብሮውዘሩ ስለነገራችሁ አትመኑ፤ በፒኤችፒ ፋይንፎ (finfo፦ የፋይልን ዓይነት ከይዘቱ የሚለይ መሣሪያ) ይዘቱን አስነብቡና ከፈቀዳችኋቸው ዓይነቶች ጋር አስተያዩ። ከዚያ ትራንዛክሽን ክፈቱ፣ ዝርዝሩን አስገቡ፣ የተሰጠውን መለያ ቁጥር ይዛችሁ ይዘቱን በተዘጋጀ መጠይቅ (prepared statement፦ ዳታው ከትእዛዙ ተለይቶ የሚላክበት) አስገቡ፣ አጽድቁ። አንዱ ከከሸፈ ሁለቱንም መልሱ።

የስሙ ኮለም የፊደል አቀማመጥ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (utf8mb4፦ የአማርኛን ፊደል የሚይዝ) ይሁን። ላቲን1 (የአማርኛን ፊደል የማይይዝ) ከሆነ «የጋብቻ ውል» የተባለው ፋይል የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ፋይሉን ስትመልሱ ጠያቂው ባለመብት መሆኑን አረጋግጡ፤ አድራሻው ላይ ያለውን 17 ወደ 18 ቀይሮ የሌላ ሰው መታወቂያ የሚያይ እንዳይኖር። ብሮውዘሩም እንዲያወርደው እንጂ እንዳይከፍተው እዘዙ።

ሥራውን ከማስረከባችሁ በፊት ወደ 10 ሜጋባይት የሚጠጋ ፋይል ጫኑ፣ መልሳችሁ አውርዱ፣ የሁለቱን ሻ-256 (SHA-256፦ ከይዘቱ የሚሰላ አሻራ) አወዳድሩ። በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ ፋይሉ መንገድ ላይ ተበላሽቷል፤ የኮለሙን ዓይነትና ከይዘቱ በፊት ሾልኮ የወጣ ባዶ መስመር ፈልጉ።