የፍላይ ዘንግ ስትገዙ እንደ እኔ እንዳትሳሳቱ

የመጀመሪያ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጌን የገዛሁት ደሴ ነው። እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚሳብ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ። ሻጩ «ለሁሉም ዓሣ ይሆናል» አለኝ፤ አመንኩት። ከደሴ ሐይቅ ወደሚባለው ሐይቅ ወርጄ ላባ የተጠቀለለባትን ትንሽ መንጠቆ፣ ፍላይ (ሰው ሠራሽ ዝንብ) የሚሏትን፣ ብወረውራት እግሬ ሥር ወደቀች። ብደግመው ጆሮዬን ያዘችኝ። ዳር ቆመው ሲስቁ የነበሩት ልጆች ዛሬም ሲያገኙኝ ጆሯቸውን ይይዛሉ።

አንደኛው ስህተት ይሄው ነው፤ ተራ ዘንግ ለፍላይ ይሆናል ብሎ መግዛት። በለመድነው አጠማመድ ክሩን ይዞ የሚሄደው ጫፉ ላይ ያለው እርሳስ ነው። ሰው ሠራሿ ዝንብ ግን ላባና ክር ናት፤ ክብደት የላትም። ስለዚህ የምትወረውሩት ገመዱን ራሱን ነው። ገመዱ ወፍራምና ከበድ ያለ ነው፤ ዘንጉም ያንን ገመድ ወደ ኋላ ዘርግቶ ወደ ፊት እንዲልክ ተደርጎ ይሠራል። ልጅ ሆኖ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። መለያው ቀላል ነው። የፍላይ ዘንግ ላይ የገመዱ መጠቅለያ የሚታሰረው ከእጅ መያዣው በታች፣ ዘንጉ መጨረሻ ላይ ነው። የሚሳብ አንቴና ካያችሁ ደግሞ እለፉት።

ሁለተኛው ቁጥሩን አለማንበብ። ከመያዣው ከፍ ብሎ «9 ጫማ፣ 5» የሚል ዓይነት ጽሑፍ አለ። 9 ጫማ ርዝመቱ ነው፤ 2 ሜትር ከ74 ሳንቲም። 5 ደግሞ የሚስማማው የገመድ ቁጥር ነው። የ5 ቁጥር ገመድ የፊተኛው 9 ሜትር ያህሉ 9 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የ8 ቁጥሩ 13 ግራም ተኩል ይደርሳል። በ5 ዘንግ ላይ 8 ገመድ ብትጭኑ ዘንጉ ይልፈሰፈሳል። ብትገለብጡት ዘንጉ አይታጠፍም፣ ገመዱም አይሄድም። የአክስቴ ልጅ ከውጭ 8 ዘንግ ከ5 ገመድ ጋር ላከልኝ። ሰው ስጦታ ሲልክ አይተችም፤ ግን ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር ተኛ።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚወድቅበት፣ የማያጠምዱትን ዓሣ አስቦ መግዛት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር አብዛኛው ትራውት ለሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ የተጻፈ ነው። ትራውት በአገራችን የሚታወቀው ባሌ ነው፤ እንደ ዌብ ባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ተለቅቆ። እኛ ጋ ያለው ቆሮሶና አምባዛ ነው። ለቆሮሶ 5 ወይም 6 ይበቃል። አምባዛ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጉልበተኛ ነው፣ ወደ ታች ይጎትታል፣ ከ7 በታች ይዛችሁ ብትገጥሙት ዘንጋችሁ ያሳዝናችኋል። አንድ ዘንግ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው ባለ 9 ጫማ 6 ቁጥር ይሻላል ባይ ነኝ። ሐይቅ ላይ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳም ከ5 የተሻለ ይቋቋማል።

ርዝመት ላይ ብዙ አትጨነቁ። ከአርዲቦ ሐይቅ ወደ እኛው ሐይቅ እንደሚወርደው ባለ ጠባብ፣ ቁጥቋጦ በበዛበት ወንዝ ካልሆነ በስተቀር አጭር ዘንግ አያስፈልግም።

ግትሩን ዘንግ «ጠንካራ ነው» ብሎ መምረጥም አለ። ግትር ዘንግ ሩቅ ይወረውራል፣ እውነት ነው፤ ግን እጁ ላልተፈታ ሰው ይቅር አይልም። ትንሽ ስትቸኩሉ ገመዱ ይተበተባል። ለጀማሪ እስከ ወገቡ የሚታጠፍ መካከለኛ ዘንግ ጥሩ ነው፤ ገመዱ ኋላ ሲዘረጋ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። አብሽሩ፣ እጅ ሲፈታ ግትሩም ይደርሳል።

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ጣታችሁን ከታች እስከ ጫፍ አስኪዱበት። ስንጥቅ ዓይን ባያየውም ጣት ያገኘዋል። መጋጠሚያዎቹን ገጥማችሁ ወዝወዝ አድርጉ፤ ከተንቀጨቀጨ ይቅርባችሁ።

የመጨረሻው መጓጓዣን መርሳት ነው። ባለ ሁለት ቁራጭ ዘንግ ሲፈታ እንኳ ከአንድ ሜትር ከሩብ በላይ ነው፤ ደሴ መናኸሪያ በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ የት ታደርጉታላችሁ? አራት ቦታ የሚፈታ፣ ጠንካራ ቱቦ ያለው ግዙ። የእኔ ሁለተኛ ዘንግ የተሰበረው ዓሣ ይዞ አይደለም። ረዳቱ በሩን ሲዘጋው ነው። ጫፉ አሁን እናቴ ጓሮ የቲማቲም ችግኝ ደግፎ ቆሟል።