ፌንጣውን ያስናቀው ወታደር

ፌንጣ የሚባለውን፣ በተለመደው ቼስ የሌለ ጠጠር የፈጠረው እንግሊዛዊው ቲ. አር. ዶውሰን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1913። እንደ ንግሥት በቀጥታም በሰያፍም ይሄዳል። ግን የሚዘለው ጠጠር ከሌለ ንቅንቅ አይልም። የሚያርፈውም ከዘለለው ጠጠር ቀጥሎ ባለው ቤት ላይ ብቻ ነው። እኔ እንደዚህ የምወደው ጠጠር የለም።

ለጓደኛዬ ላስተዋውቀው ብዬ በአንድ እርምጃ ማት (ንጉሡ ከጥቃት የማያመልጥበት) የሚሆን የቼስ እንቆቅልሽ ሠራሁ። ፊደሉ የቤቱን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል። ነጭ፦ ንጉሥ ሲ7፣ ወታደር ቢ6፣ ፌንጣ ኤች6። ጥቁር፦ ንጉሥ ኤ8፣ ወታደር ኤ7። ሐሳቤ ፌንጣው ቢ6ን ዘሎ ኤ6 ላይ እንዲያርፍ ነበር። ከዚያ በኤ7 ላይ አሻግሮ ንጉሡን ቼክ ይላል፣ ማለትም ያጠቃዋል።

ጓደኛዬ ሰሌዳውን ትንሽ አየና ወታደሩን ወደ ቢ7 ገፋው። ማት! ፌንጣው ጭራሽ አላስፈለገም። በጣም ከፋኝ። ቁጭ ብዬ ስፈትሸው ደግሞ የባሰ መጣ፦ የእኔ መፍትሔ ራሱ ማት አይደለም። የኤ7 ወታደር ቢ6ን ይበላል፤ ፌንጣው የሚዘለው ያጣል፤ ቼኩም ይጠፋል። በፌንጣ ቼክ መጀመሪያ መታየት ያለበት የሚዘለለው ጠጠር ከቦታው መነሳት መቻሉ ነው።

ጠጠር እየጨመርኩ ብዙ ለፋሁ፤ ሰሌዳው ተጨናነቀ እንጂ አልተስተካከለም። በመጨረሻ የጨመርኳቸውን ሁሉ አንስቼ የቢ6ን ወታደር በጥቁር ቀየርኩት። በቃ። ወደ ቢ7 የሚገፋ ነጭ ወታደር የለም። ኤ7 የራሱን ወገን መብላት አይችልም፤ ከፊቱም ፌንጣው ቆሞበታል። ቢ7ንና ቢ8ን የነጩ ንጉሥ ይጠብቃል።