የአመድ ጡብ ስትሠሩ እነዚህ ስህተቶች እንዳይሸውዷችሁ

«አመድ በዱቄት ይስቃል» ይባላል። አመድን ከኖራና ከአሸዋ ጋር አቡክቶ ጡብ በመሥራት ላይ ግን አመድ የሚስቀው በሠሪው ነው። ዱቄት ስለመሰለው ብቻ ካገኘበት ዝቆ ለሚያቦካ ሰው፣ መልሱን ከወራት በኋላ በስንጥቅ ይሰጠዋል።

ትልቁ ስህተት አመድን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት ነው። ድንጋይ ከሰል ከሚያቃጥል የኃይል ማመንጫ ጭስ ተጣርቶ የሚያዘው ደቃቅ አመድ፣ ማለትም ፍላይ አሽ፣ ሲሊካና አሉሚና የሚባሉ ማዕድናት ይበዙበታል። ኖራና ውሃ ሲያገኝ ቀስ እያለ ይጠነክራል። ከዚያው ምድጃ ስር የሚወርደው ሻካራ አመድ ግን ይህ ጸባዩ ደካማ ነው፤ የሚሻለው በአሸዋ ቦታ መግባት ነው። የሸንኮራ አገዳ አመድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልተቃጠለ ከሰል ይቀላቀልበታል። ጥቁረቱን አይታችሁ ትጠረጥራላችሁ፣ እርግጡን የምታውቁት ግን በሚዛን ነው። የደረቀውን አመድ መዝኑ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ በ750 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቃጠል፣ እንደገና መዝኑ። ለኮንክሪት በሚውል ፍላይ አሽ ላይ በዚህ መንገድ የሚጠፋው ክብደት ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ኤኤስቲኤም የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት መስፈርት ይጠይቃል። ለጡብም ጥሩ መመዘኛ ነው።

ከሁሉም ተንኮለኛው የከተማ ቆሻሻ ማቃጠያ አመድ ነው። እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ብረቶች ሊኖሩበት ይችላሉ። በዚያ ላይ የጣሳና የፎይል ቅሪት፣ ማለትም አሉሚኒየም፣ አይጠፋውም። አሉሚኒየም ከኖራ ጋር ሲገናኝ የሃይድሮጅን ጋዝ ይለቃል። ቅርጽ ውስጥ ያስገባችሁት ጡብ እንደ ሊጥ ኩፍ ይልና ይሰነጠቃል። ስንጥቁስ ይታያል፤ ዝናብ አጥቦ የሚያወጣው መርዝ ግን አይታይም። ከእነዚህ መርዛማ ብረቶች ምን ያህሉ ከጡቡ እንደሚወጣ ላቦራቶሪ ሳይመረምር፣ እኔ በበኩሌ በዚህ አመድ የሰው መኖሪያ አልሠራም።

ኖራው ላይም መቸኮል አለ። ውሃ ያልጠጣ ጥሬ ኖራ ጡቡ ውስጥ ከገባ፣ ቆይቶ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ግድግዳው ካለቀ በኋላ ቅርፊቱ እየፈነዳ ይወርዳል። አስቀድማችሁ በውሃ አብርዱት፣ ይረፍ፣ በወንፊት ይነፋ።

በባልዲ መስፈርም የተለመደ ጥፋት ነው። አመድ ቀላልና ብናኝ ስለሆነ ያው ባልዲ ሲነቀነቅና ሳይነቀነቅ የሚይዘው ይለያያል። መዝኑ። በክብደት አመድ ከ50 እስከ 60፣ አሸዋ ከ20 እስከ 30፣ ኖራ ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ ጂፕሰም ቢበዛ 5 በመቶ ብላችሁ ሙከራ ጀምሩ። ውሃውን በመዳፍ ለኩ፦ ጭብጥ ስታደርጉት ተጣብቆ ይቅር፣ መዳፋችሁን ግን አያርጥብ።

አመዱ አልጠነክር ሲል ሲሚንቶ የሚጨምርም አለ። ጡቡ ይጠነክራል፣ ልፋቱ ግን ከንቱ ይሆናል። የሲሚንቶ ዋና ግብዓት የሆነው ክሊንከር አንድ ቶኑ ሲመረት 800 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አካባቢን እንጠብቅ ብላችሁ ጀምራችሁ ብክለቱን በሌላ በር ማስገባት ነው።

ፀሐይ ላይ ማድረቅስ? ይህ ከጭቃ ጡብ የመጣ ልማድ ነው። የአመድ ጡብ እቶን አይገባም፤ የሚያጠነክረው ውሃ ነው። ከደረቀ ሥራው እዚያው ይቆማል። አንድ ሁለት ቀን ሸፍኑት፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳታቋርጡ አጠጡት።

ጭንብልና መነጽር ሳያደርጉ ማቡካት ደግሞ ማብራሪያ አይፈልግም፦ ብናኙ ሳንባ ይገባል፣ ኖራው ዓይን ያቃጥላል።

ጡቡ 28 ቀን ሲሞላው አንዳንዱን አድርቃችሁ መዝኑና 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ነክሩ። መልሳችሁ ስትመዝኑት ክብደቱ ከ20 በመቶ በላይ ከጨመረ፣ ግድግዳ ላይ አታውጡት።