የሃሪየት ተብማንን ቤትና መቃብር ለምታዩ

በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት ኦበርን ከተማ በኩል የምታልፉ ከሆነ፣ ከባርነት አምልጣ ሌሎች ባሪያዎችንም ነጻ ያወጣችውን የሃሪየት ተብማንን ቤትና መቃብር ሳታዩ እንዳትመለሱ። ሁለቱም እዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው።

መጀመሪያ ሳውዝ ስትሪት ወዳለው ቤቷ ሂዱ። ጉብኝቱ በአስጎብኚ ስለሆነ ሰዓቱን ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። መሬቱን በ1859 እ.ኤ.አ. የሸጠላት ሴናተር ዊሊያም ሴዋርድ ነው። ያኔ እሷ በሕግ ፊት ገና ከጌታዋ የሸሸች ባሪያ ነበረች። የሁለቱንም ድፍረት አስቡት! ታዲያ የጡብ ቤቱን ብቻ አይታችሁ እንዳትወጡ። ነጩን የእንጨት ቤት በደንብ እዩት። ጧሪ ላጡ ጥቁር አረጋውያን መጠለያ እንዲሆን ለዓመታት የለፋችበት ነው፤ በ1908 ተከፈተ። እኔ ከሁሉም በላይ ልቤን የነካኝ እሱ ነው። በ1913 ያረፈችውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወደ ፎርት ሂል መካነ መቃብር። ትልቁን የጥድ ዛፍ ፈልጉ፣ ሐውልቷ ከሥሩ ነው። ትልቅ ስላልሆነ በችኮላ ካለፋችሁ ያመልጣችኋል። ጎብኚዎች አናቱ ላይ ሳንቲምና ጠጠር ያስቀምጣሉ። ጽሑፉን ቆም ብላችሁ አንብቡት፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነርስና ቃኚ እንደነበረች ይናገራል። ሴዋርድም እዚያው ነው የተቀበረው።

ክረምት ላይ በረዶው ከባድ ነው፣ ቦታውም ኮረብታ ስለሆነ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ።