የጀልባ ሞተር ሞቀ? ውሃው የት እንደቆመ ፈልጉ

የመኪና ሞተር ሲሞቅ ዳር ይዞ መቆም ይቻላል። ውሃ ላይ ግን ዳር የሚባል ነገር የለም። ሞተሩ ከቆመ ንፋሱና ሞገዱ ወዳሻቸው ይወስዷችኋል። ለዚህ ነው የጀልባ ሞተር ሙቀት ሲነሳ ቀለል አድርጌ ማየት የማልችለው።

ደግነቱ ችግሩን ተከታትሎ መድረስ ከባድ አይደለም። አብዛኞቹ የጀልባ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በሚንሳፈፉበት ውሃ ነው። ፓምፑ ከሥር ይስባል፣ ውሃው ሙቀቱን ይቀበላል፣ ከጭሱ ጋር ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ሞተሩ ሞቀ ማለት ብዙውን ጊዜ ውሃው በዚህ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ቆሟል ወይም ቀንሷል ማለት ነው። ሙቀቱ መቼና እንዴት እንደመጣ ካስተዋላችሁ ደግሞ ፍለጋው በግማሽ ያጥራል።

ማስጠንቀቂያው ሲጮህ

ፍጥነት ቀንሱ፣ ማርሹን ፍሪ አድርጉ፣ ወደ ኋላ ተመልከቱ። ከኋላ በሚንጠለጠል ሞተር ላይ ከጎኑ በቀጭኑ የምትወረወር ውሃ አለች። ሞተሩ ጀልባው ሆድ ውስጥ ከሆነ ውሃው ከጭስ ማውጫው እየተተፋ ይወጣል። ውሃው ጨርሶ ከቆመ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። ወደ ድንጋይ የሚገፋችሁ ንፋስ ካለም መልህቅ ጣሉ። ውሃው እየወጣ የሙቀት መለኪያው መርፌ መውረድ ከጀመረ ግን ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ። እዚያ ላይ ማጥፋት የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ማቋረጥ ነው።

በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። የኩላንት (ሞተሩ ውስጥ የሚዞር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ክዳን ካለውም እስኪበርድ አትክፈቱት። በግፊት የታፈነው ፈሳሽ ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው።

በድንገት ሞቀ፣ ውሃውም ቆመ

መጀመሪያ የውሃ መግቢያውን ጠርጥሩ። ፌስታል ወይም ሣር ተለጥፎበት ይሆናል። የሚንጠለጠለውን ሞተር አጥፍታችሁ ወደ ላይ አንሱትና መግቢያውን በእጃችሁ አጽዱ። ለውስጥ ሞተር ከጀልባው ሥር የሚገባውን ውሃ የሚከፍተውና የሚዘጋው ባልቦላ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ዘግቶ መርሳት ከምታስቡት በላይ የተለመደ ነው። ባልቦላውን ስትዘጉ የሞተሩን ቁልፍ እጀታው ላይ ማንጠልጠል ጥሩ ልማድ ነው፤ ሳትከፍቱት ማስነሳት አትችሉም።

ቀጥሎ ማጣሪያው አለ። ባልቦላውን ዝጉ፣ ማጣሪያውን አጥባችሁ መልሱ። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ፓምፑ ውሃ በመሳብ ፈንታ አየር ይስባል። ክዳኑ የሚያሳይ ከሆነ ሞተሩ ሲሠራ ውስጡ አረፋ ታያላችሁ። የክዳኑን ጎማ ቀይሩ።

ማጣሪያው ንጹህ ሆኖ ውሃ ከሌለስ? ባልቦላውን ዘግታችሁ ቱቦውን ከማጣሪያው በኩል ንቀሉት። ጫፉን ከውሃው ልክ በታች ዝቅ አድርጋችሁ ያዙና ባልቦላውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ውሃው በቱቦው ሙሉ ከመጣ መግቢያው ጤነኛ ነው። እየተንጠባጠበ ከመጣ የተደፈነው ከጀልባው ሥር ነው። ይህን ስትሠሩ አንድ እጃችሁ ከባልቦላው አይራቅ። ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ መበጠሱንም በዚያው እዩ።

ቀጭኗ ውሃ ቆማለች፣ ሙቀቱ ግን አልጨመረም

ይሄ ቀላሉ ነው። ቀዳዳዋን አሸዋ ወይም ነፍሳት ደፍነዋታል። በቀጭን ሽቦ ጠርጉ። ካጸዳችሁ በኋላም ካልመጣች ግን አትመኑት፤ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ውሃው ደክሟል፣ በዝግታ ስንሄድም ይሞቃል

እዚህ ላይ ጥርጣሬዬ ሁሌ ኢምፔለሩ ላይ ነው። ፓምፑ ውስጥ ያለው የጎማ መዘውር ነው፤ እንደ አበባ የተዘረጉ ክንፎች አሉት። ክንፎቹ ታጥፈው ሲዘረጉ ነው ውሃውን የሚገፉት። ቅባታቸውም ውሃው ራሱ ነው። ያለ ውሃ ከዞሩ በአጭር ጊዜ ይቃጠላሉ። ስለዚህ ባልቦላው ተዘግቶ ሞተሩ ለትንሽ ጊዜ እንኳ ሠርቶ ከነበረ፣ ባልቦላውን መክፈት ብቻ አይበቃም። ፓምፑን ፈታችሁ እዩ።

አንድ ጊዜ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትቼ ኢምፔለሩን ሳወጣው ከስድስቱ ክንፎች ሦስቱ የሉም። የቀሩትም ሥራቸው ላይ ተሰንጥቀው፣ በጣቴ ገፋ ሳደርጋቸው ይከፈታሉ። አዲስ ገጠምኩ፣ ውሃው በደንብ መጣ። ፍጥነት ስጨምር ግን መርፌው እንደገና ወጣ። የተበጠሱት ክንፎች የት ሄዱ? ሁለቱ ፓምፑ መውጫ ላይ ተገኙ። ሦስተኛውን ያገኘሁት የሙቀት መለዋወጫውን፣ ማለትም የውጭው ውሃ ኩላንቱን የሚያቀዘቅዝበትን ክፍል፣ ክዳን ስከፍት ነው። ጥፍር የምታክል ጥቁር ጎማ ከቀጫጭኖቹ ቱቦዎች አፍ ላይ ተጋድማለች። በፒንሳ ሳወጣት ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የጎደለውን ክንፍ ቆጥሬ ሳላገኝ ፓምፕ ዘግቼ አላውቅም። እናንተም ቁጠሩ።

ስትገጥሙ ክንፎቹ ሁሉም ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ወደ ኋላ ይተኙ። በሳሙና ውሃ ወይም በግሊሰሪን አለስልሷቸው፤ ከነዳጅ ዘር የተሠራ ግራሶ ጎማውን ይበላዋል። የፓምፑን ክዳን ከውስጥ በኩል በጣታችሁ ዳብሱ። ጥልቅ ጭረት ካለው አዲስ ኢምፔለርም አቅም ያጣል።

በዝግታ ደህና ነው፣ ፍጥነት ሲጨመር ይሞቃል

ውሃ አለ፣ ግን አይበቃም። ዝገት፣ ጨው ወይም ኖራ መሳይ ቅርፊት መንገዱን አጥብቦታል። ጨዋማ ውሃ ላይ የሚሠሩ ሞተሮች ላይ ይሄ ይበዛል። መጀመሪያ የሙቀት መለዋወጫውን ክፈቱ። ለዚሁ በተሠራ ቅርፊት ማሟሚያ ማጠብ ይቻላል፤ ጓንትና መነጽር ግን የግድ ነው። ከዚያ ውሃና ጭስ የሚቀላቀሉበትን ቆልማማ ቱቦ ፍቱ። ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ከውጭ ጤነኛ መስሎ ውስጡ በዝገትና በጥላሸት እስከ ጣት ውፍረት ድረስ ሊጠብ ይችላል። እንዲያ ካገኛችሁት ከመጠረግ መቀየሩን እመርጣለሁ፤ የሳሳ ብረት ውሃ ወደ ሲሊንደር ያስገባል።

ከፓምፑ በፊት ያለው ቱቦ ካረጀም በመሳቡ ብዛት ይጣበቃል። ሞተሩ ሲሠራ አንድ ሰው ይይላችሁ። ይሄ ሁሉ ንጹህ ከሆነ የጀልባውን ሥር ተመልከቱ። ሥሩ በቀንድ አውጣና በአረንጓዴ ከተሸፈነ፣ ወይም ፕሮፔለሩ ላይ ገመድ ከተጠመጠመ፣ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እየጎተተ ነው።

እንደተነሳ ይሞቃል፣ ወይም መርፌው ይወጣል ይወርዳል

ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ለማቀዝቀዣው ውሃ መንገድ የሚከፍተው) ነው ብላችሁ ጀምሩ። አውጡት፣ ቴርሞሜትር ካለበት የውሃ ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥላችሁ አሙቁ። መክፈት ያለበት ሙቀት ብዙውን ጊዜ ላዩ ላይ ተጽፏል። በሚንሳፈፉበት ውሃ ቀጥታ ለሚቀዘቅዙ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ኩላንት ላላቸው ከዚያ ከፍ ይላል። ካልከፈተ ቀይሩት። አውጥቶ ያለሱ መሄድ መፍትሄ አይደለም፤ ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ያልተቃጠለ ነዳጅም ዘይቱ ውስጥ ይገባል።

ኩላንቱ ይጎድላል፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ አረፋ አለ

ማፍሰሻ ሳታዩ ኩላንት እየጎደለ፣ ሞተሩ ሲሠራ አረፋ የማይቋረጥ ከሆነ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተቃጥሎ ይሆናል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል። ይህንን በመሞከር አታባብሱት፤ ሞተሩን ሳታስነሱ ለመካኒክ ስጡ።

መርፌው ሞቋል ይላል፣ ሞተሩ ግን የሞቀ አይመስልም

ውሃው በደንብ ይፈሳል፣ እንፋሎት የለም፣ የሚቃጠል ጎማ አይሸትም። በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ቴርሞስታቱ ያለበት ቦታ ላይ አነጣጥሩ። ልኬቱ ከመርፌው በጣም ካነሰ ጥፋቱ የሴንሰሩ ወይም የሽቦው ነው። እስክታረጋግጡ ድረስ ግን መርፌውን እመኑ።

ከጥገና በኋላ ጀልባውን ዳር ላይ አስራችሁ ሞተሩን 15 ደቂቃ ያህል አሠሩት። ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ውሃ በባልዲ ተቀብላችሁ፣ በአንድ ደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚወጣ ጻፉ። የሞተሩን ፍጥነትም አብራችሁ ጻፉ። ይህን ልኬት ሞተሩ ጤነኛ ሳለ መውሰድ ነው ትልቁ ነገር፤ በሚቀጥለው ወር ከዚያ ካነሰ መርፌው ሳይነሳ ታውቃላችሁ። መለዋወጫ ኢምፔለር ከነጓርኒሲዮኑና ከነብሎኖቹ ጀልባው ውስጥ አስቀምጡ። አንዴም ዳር ላይ ሆናችሁ ቀይራችሁ ሞክሩት፤ እጃችሁ መድረሱን፣ የያዛችሁት ካቻቢቴም ብሎኖቹን መፍታቱን የምታውቁት ያኔ ነው።